የኼል ደባሎች

በቤልጂየም ከአንትወርፕ በስተምሥራቅ፣ አሸዋማ በሆነው የኬምፐን ምድር ላይ ኼል የምትባል ከተማ አለች። የኼል ሰው ከ500 ዓመት በላይ ዘመዱ ያልሆነ የአእምሮ ሕመምተኛ በቤቱ ሲያኖር ቆይቷል። በአገሬው ቋንቋ እንዲህ ያለው ነዋሪ «ኮስትኻንገር» ይባላል። እኛ ደባል ከምንለው ሰው ጋር ይቀራረባል፤ ከቤቱ ማዕድ ይበላል፣ ከቤቱ ጣሪያ ሥር ያድራል፣ የሚከፍልለት ግን ሌላ ነው።

ስለ ኼል የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰማው አንዱን ቁራጭ ነው። አንዱ የቅድስቲቱን ገድል ያውቃል፣ ሌላው «የእብዶች ከተማ» ሲባል ሰምቷል፣ ሦስተኛው በቅርቡ በዩኔስኮ መመዝገቧን አንብቧል። እኔ ከመነሻው ልተርከው የፈለግሁት አንድ ጥያቄ ስለሚያሳስበኝ ነው። አእምሮው የታመመ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ፣ ቤቱ ምን ሲኖረው ነው ኑሮ የሚባለው? ኼል ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድማ፣ ሳታውቀው፣ በየጓዳዋ ስትመልስ ኖራለች። መልሷ ሁሉ ያማረ ነው አልልም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሱባኤ ወደ ጓዳ፦ 1349–1797

ትውፊቱ ወደ 7ኛው መቶ ዘመን ይወስደናል። አንድ የአየርላንድ ንጉሥ ሚስቱ ትሞትበትና ሐዘኑ አእምሮውን ያናውጠዋል። ሟቿን የምትመስል ሴት ሲያጣ፣ ቁርጥ እናቷን የምትመስለውን ልጁን ዲምፍናን ላግባ ብሎ ይነሳል። ልጅቱ ከንስሐ አባቷ ጋር ባሕር ተሻግራ ኼል ትገባለች። አባቷ በየመንገዱ የመነዘሩትን ሳንቲም እየጠየቀ ዱካቸውን ተከትሎ ይደርስባትና በገዛ እጁ አንገቷን ይቀላታል። ይህ ሁሉ በጽሑፍ የሰፈረው በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ፒየር በተባለ የካምብሬ ካህን እጅ ነው። ሕዝቡ ግን ጽሑፍ አልጠበቀም። የአባቷን እብደት ያልተቀበለችው ልጅ አእምሯቸው ለታወከ ሰዎች አማላጅ ሆነች፤ መቃብሯ አለ በተባለበት ስፍራም በ1349 ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መሠራት ተጀመረ።

በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የሕሙማን ቤት ተሠራ። ሕመምተኛው እዚያ ገብቶ የዘጠኝ ቀን ሱባኤ ይይዛል፤ ይጸልያል፣ ይጸለይለታል፣ በቅድስቲቱ የመታሰቢያ መቃብር ሥር እየዳኸ ያልፋል። እንጦጦ ወጥቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሥዕል ለማየት ብዙ አይቸገርም። ጠበልተኛው፣ አስታማሚው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አልጋ የሚያከራዩት ቤቶች፣ ቀኑ ሲሞላ ደግሞ «ሌላ ሱባኤ ልጨምር» የሚለው ተስፋ፤ ሁሉም እዚያም ነበር።

የኼል ታሪክ ከሌሎች ስለት መክፈያ ቦታዎች የተለየው በወረፋው ምክንያት ነው። የሕሙማኑ ቤት ጠባብ ነበር። ተራ የሚጠብቀው ሰው የሚያድርበት ሲያጣ የአካባቢው ገበሬ ቤቱን ከፈተለት። ዘጠኙ ቀን አልፎ ያልዳነውም ሁለተኛ ሱባኤ እስኪይዝ እዚያው ቆየ። ከዚያ ወገኖቹ ሩቅ ናቸው፣ መንገዱ አድካሚ ነው፣ ቤቱ ቢመለስም የሚጠብቀው ያው ሥቃይ ነው። የኬምፐን አሸዋ ደግሞ ፍግ ካልተሸከሙለትና ሌት ተቀን ካልደከሙበት እህል አይሰጥም። ገበሬው የሰው እጅ ይፈልጋል፣ የሕመምተኛው ቤተሰብ ወይም የመጣበት ከተማ ደግሞ ለቀለቡ ይከፍላል። እንዲህ እንዲህ እያለ እንግድነቱ ኑሮ ሆነ። በጎነት ብቻ አልነበረም፣ ጥቅም ብቻም አልነበረም። ሁለቱ አንድ ላይ መሄዳቸው ይመስለኛል ነገሩን ለዘመናት ያቆየው፤ በጎነት ብቻውን ሲደክም ጥቅሙ፣ ጥቅሙ ሲቀንስ ልማዱ ያዘው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ፦ 1797–1850

በ1797 አገሩን የያዙት የፈረንሳይ አብዮተኞች ቤተ ክርስቲያኑንና የሕሙማኑን ቤት ዘጉ። ሱባኤው ቆመ። የመጡበት ምክንያት ከጠፋ ሕሙማኑ ይበተናሉ ተብሎ ቢታሰብ አያስገርምም። አልተበተኑም። በየቤቱ ያሉት ደባሎች እንደ ወትሮው ላማቸውን አለቡ፣ ድንቻቸውን ላጡ። ያኔ ነው እውነቱ የታየው፤ ያቆያቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ሳይሆን የየቤቱ ምድጃ ነበር።

ከዚያ ሌላ ገፊ መጣ። በ1803 ብራስልስን ያካተተው ክፍለ ግዛት ገዢ የነበረው ፖንቴኩላን በከተማው መጠለያ ታጉረው የነበሩትን የአእምሮ ሕሙማን ወደ ኼል እንዲላኩ አደረገ። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ከተሞቹ የላኳቸው በርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ገበሬ ቤት ማኖር ከመጠለያ ይረክሳል። ርካሽነት ግን አንድ ክፉ ነገር ይዞ ይመጣል። ማን ምን ዓይነት ሰው እንደተቀበለ፣ ምን እንደሚያበላው፣ የት እንደሚያስተኛው የሚጠይቅ አልነበረም።

የዘመኑ ስመ ጥር ፈረንሳዊ ሐኪም ኤስኪሮል በ1821 ኼልን ሲጎበኝ ወደ 400 የሚጠጉ ሕሙማን አገኘ። በመንገድ ላይ፣ በእርሻው መካከል ያለ ጠባቂ ሲንቀሳቀሱ አይቶ ተደነቀ። እግረ ሙቅ የታሰሩትን፣ ብረቱ ቁርጭምጭሚታቸውን የላጠውን ጭምር አየ። የቤልጂየሙ የአእምሮ ሐኪም ዮሴፍ ጊስላን ደግሞ ከርሱ ብሶ ኼልን አጥብቆ ነቀፈ። ገበሬ ሐኪም አይደለም፣ ሕመምተኛም የእርሻ እንስሳ አይደለም የሚል ነበር የክርክሩ መንፈስ። ስለ ኼል ቆንጆውን ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ገጽ ይዘሉታል። እኔ መዝለል አልችልም፤ በር ሳይዘጋም ሰው ሊታሰር እንደሚችል የሚያሳየው ይኸው ነው።

ኮሎኒው፦ 1850–1914

ነቀፋው ሰሚ አገኘ። በ1850 ቤልጂየም ስለ አእምሮ ሕሙማን ሕግ አወጣች፤ ኼልም በመንግሥት የምትመራ «ኮሎኒ» ሆነች። ሐኪም ተመደበ፣ ከተማዋና ዙሪያዋ በቀጠና ተከፈሉ፣ በየቤቱ የሚዞሩ ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። በ1862 የተከፈተው ሆስፒታል አዲስ የመጣውን ሰው ተቀብሎ ካስተዋለ በኋላ ይስማማዋል ወደሚባል ቤት ይልከዋል፤ ሲብስበትም መልሶ ይቀበለዋል። ሰው የመግደል ወይም ቤት የማቃጠል ዝንባሌ ያለው ወደ ቤተሰብ እንዳይላክ ተወሰነ። ለደባሉ የሚሰጠው ክፍልና አልጋ በደንብ ተወሰነ፤ ብረቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ኋላም አንድ ቤት ከሁለት ደባል በላይ እንዳይዝ፣ ሁለት ከሆኑም ጾታቸው አንድ እንዲሆን ተደረገ።

ይህ ሁለተኛው ትልቅ መታጠፊያ ነው። ኼል ቤተሰቡን አፍርሳ ሆስፒታል አልሠራችም፤ ከቤተሰቡ ጀርባ ሆስፒታል አቆመች። ዛሬ ድጋፍ ያለበት መኖሪያ የምንለው ነገር አጥንቱ ይኸው ነው። ሰው በቤት ይኖራል፣ ባለሙያ በጥሪ ርቀት ላይ ይሆናል፣ አስተናጋጁም ብቻውን አይተውም።

በዚያው ዘመን የቀረው ዓለም በተቃራኒው እየሄደ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ ግንባቸው የረዘመ፣ በሺዎች የሚይዙ የእብዶች ማቆያዎች ይገነቡ ነበር። በ1855 በቨርጂኒያ የአንድ ማቆያ ኃላፊ የነበረው ጆን ጋልት የኼልን መንገድ እንመልከት ብሎ ጻፈ፤ የሙያ ባልደረቦቹ ወረዱበት። በ1880 ደግሞ አንድ የኔዘርላንድስ ቄስ አላስቀምጥ ያለውን ልጁን ኼል ሊያስገባ አሰበ። ልጁ እምቢ አለ፣ ሐሳቡም ቀረ። ያ ልጅ ቪንሰንት ቫን ጎኽ ነበር። በ1902 አንትወርፕ ላይ ስለ ቤተሰብ እንክብካቤ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደርጎ ልዑካኑ ኼልን ጎበኙ። አድናቆቱ በዛ፤ ማቆያውን ትቶ ኼልን የተከተለ ግን ጥቂት ነበር።

የዚያን ዘመን አንድ ቤት እናስብ። ቤቱ ሣር ክዳን ወይም ሸክላ ጡብ ነው፣ በረቱ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ቤቱን የምትገዛው እመቤቲቱ ናት፤ ደባሉም ብዙውን ጊዜ እንደ ልጆቿ «እናት» ይላታል። ጠዋት ላሞቹ ዘንድ ይሄዳል፣ ከሰዓት ሕፃኑን ያዝልኝ ይባላል። ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ሕፃን፣ የሚሸከመው እንጨት፣ የሚናደድበት ዶሮ አለ። ካልቻለ አይገደድም ይላል ደንቡ። በሥራው ገበሬው እንደሚጠቀም፣ ደባሉ ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር እንደማያገኝ ግን የታወቀ ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያም ሆኖ በዚያው ዘመን በታላላቆቹ ማቆያዎች ውስጥ ዘመኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የሚውለውን ሰው ሳስብ፣ «ና፣ ያችን ባልዲ አቀብለኝ» የሚለው ሰው ያለው ደባል የሚሻል ኑሮ ነበረው እላለሁ።

ከፍታው፦ 1914–1950ዎቹ

በ1938 በኼል የነበሩት ደባሎች ቁጥር 3,736 ደረሰ። የከተማዋ ሕዝብ በሙሉ 20 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። እንግዲህ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መጠጥ ቤት የሚያገኙት ከጥቂት ሰው አንዱ ደባል ነው ማለት ነው። ሐኪምና ነርስ በየቤቱ ይዞራሉ፤ በየቀጠናው የመታጠቢያ ቤት ተሠርቶ ደባሎቹ በቀናቸው እየመጡ ይታጠባሉ፣ ነርሷም የደበደባቸው ወይም ያስራባቸው እንዳለ ገላቸውን ታያለች። ገላ መታጠቢያው ንጽሕና ብቻ አልነበረም፤ ቁጥጥርም ነበር።

በመስከረም 1944 እንግሊዞችና ጀርመኖች ለኼል ሲዋጉ ከተማዋ ክፉኛ ተጎዳች። አስተናጋጅና ደባል ያን ጊዜም የተጋሩት አንድ ጣሪያ ነበር።

መድኃኒቱ ሲመጣ፣ እርሻው ሲሄድ፦ 1952–1975

የኼል ቁጥር ማሽቆልቆል የጀመረው በአንድ ምክንያት አይደለም። በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ቀድሞ ኼል ይላክ የነበረው ሰው መድኃኒቱን ይዞ በአገሩ መታከም ቻለ። በኼል በኩል ደግሞ ትራክተር መጣ፣ ወጣቱ ፋብሪካ ገባ፣ ትርፍ ክፍል ያለው የገበሬ ቤት በጠባብ የከተማ ቤት ተተካ። ከሁሉ የከበደው ግን የሴቶቹ ከቤት ውጭ ሥራ መያዝ ይመስለኛል። ይህ ሥርዓት ለዘመናት የቆመው ቀኑን ሙሉ ቤት በምትውል ሴት ጉልበት ላይ ነበር፤ ለዚያ ጉልበት ተገቢ ዋጋ የከፈለ አልነበረም። ሌላ ምርጫ ስታገኝ መረጠች፤ በደል የለባትም።

ሥርዓቱ ሳይጠፋ እንመዝግበው ያሉ ተመራማሪዎች በ1966 ሥራ ጀመሩ። የኒው ዮርኩ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊዮ ስሮል ፕሮጀክቱን ሲመራ፣ ቤልጂየማዊው አንትሮፖሎጂስት ኡጄን ሮሰንስ በየቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ኑሮውን ተከታተለ። ሮሰንስ ያየው ደግ ሕዝብ ብቻ አልነበረም፤ ወሰን የሚያበጅ ሕዝብም ነበር። ደባል በመንገድ ላይ ለብቻው ሲያወራ ማንም ዞሮ አያይም። መጠጥ ቤት ይቀመጣል፣ ጨዋታ ይሰማል። የአገሬውን ልጅ ላግባ ቢል ግን በሩ ዝግ ነው። መቀበሉ እውነት ነበር፤ እኩልነቱ ግን ሙሉ አልነበረም።

ከኼል ወደ ኒው ዮርክ፦ 1975–1992

አሜሪካ በ1955 በመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎቿ ከ550 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሯት። መድኃኒቱ መጣ፣ በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላትን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ፣ ሆስፒታሎቹ በሮቻቸውን ከፈቱ። የታሰቡት ማዕከላት ግን ግማሽ ያህሉ እንኳ አልተሠሩም። የወጣው ሰው ርካሽ ሆቴል ገባ፤ ሆቴሎቹ ሲፈርሱ ጎዳና ወጣ።

ኤለን ባክስተር የተባለች ወጣት አሜሪካዊት በ1970ዎቹ አጋማሽ ኼል ሄዳ የደባሎቹን ኑሮ አየች። ከዚያ ቤቶች የተሰማ አንድ ታሪክ አለ፣ አልረሳውም። አንድ ደባል የሸሚዙን ቁልፎች በየቀኑ እየጠመዘዘ ይነቅላል። እመቤቲቱ በየማታው ተቀምጣ መልሳ ትሰፋለች። ቁልፎቹን በዓሣ ማጥመጃ ክር ብትሰፊያቸው አይነቀሉም የሚል ምክር ሲቀርብላት አይሆንም አለች፤ ይህ ሰው ቁልፍ መንቀል ያስፈልገዋል፣ ሲነቅል ይቀልለዋል። በሌላ ቤት ደግሞ ደባሉ ከግድግዳው አንበሳ ሲወጣ ይታየዋል። አስተናጋጇ አንበሳ የለም ብላ አትሟገተውም፤ ተነስታ አንበሶቹን ታባርርለታለች፣ እርሱም ይረጋጋል። አስተናጋጆቹ የደባሉ ሕመም በሐኪም ቋንቋ ምን እንደሚባል አይነገራቸውም። ሌሊት እንደማይተኛ ወይም ጩኸት እንደሚያስደነግጠው ይነገራቸዋል እንጂ የበሽታ ስም አይለጠፍበትም።

ባክስተር ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ የጎዳና ተዳዳሪዎችን ሁኔታ ከኪም ሆፐር ጋር አጠናች፤ ጥናቱ በ1981 ሲወጣ ብዙ ሰው አነጋገረ። ከዚያም በላይኛው ማንሃተን አሮጌ ሕንፃ አሳድሳ በ1986 ቤት ለሌላቸው ሰዎች መኖሪያ አደረገችው። ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍልና የራሱ ቁልፍ፣ በዚያው ሕንፃ ደግሞ ድጋፍ። በአሜሪካ ድጋፍ ያለበት መኖሪያ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ባክስተር የኼልን ቤተሰብ ኒው ዮርክ ማምጣት አልቻለችም፤ ያመጣችው አመለካከቱን ነው። ሰው አስቀድሞ ሳይድን ነዋሪ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ጊዜ ተመራማሪዎች ነዋሪዎቹን ራሳቸውን መጠየቅ ጀመሩ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አንቶኒ ሌማንና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ ቀለብና አልጋ በሚሰጡ ቤቶች የሚኖሩ 278 ሰዎችን ስለ ኑሯቸው ጠይቀው በ1982 ውጤቱን አሳተሙ። ሰዎቹ እጅግ ያልረኩባቸው ነገሮች የገንዘብ እጦት፣ ሥራ ማጣትና የደኅንነት ስጋት ነበሩ። ጥያቄው ስለ ሕመማቸው ቢሆን ኖሮ ይህ አይሰማም ነበር። «የኑሮ ጥራት» የሚለው መለኪያ በዚህ ሙያ ሥር የሰደደው በእንዲህ ያሉ ሥራዎች ነው።

ቁልፍና ማዕድ፦ ከ1992 ወዲህ

በ1992 ሳም ሴምበሪስ በኒው ዮርክ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። መጀመሪያ ታከም፣ መጀመሪያ መጠጥ ተው የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ትቶ ለቤት አልባው ሰው የቤት ቁልፉን አስቀድሞ ሰጠ። ካናዳ ከ2009 እስከ 2013 ይህን መንገድ በአምስት ከተሞች ከ2,000 በሚበልጡ ሰዎች ፈተነችው። ሰዎቹ ቤት ይዘው በመቆየት የታየው ልዩነት ትልቅ ሆነ። በኑሮ ጥራት የታየው ግን አነስተኛ ነበር።

በ2016 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ይበልጥ ያሳስባል። ሄለን ኪላስፒና ባልደረቦቿ 619 ሰዎችን በሦስት ዓይነት መኖሪያ አወዳደሩ፦ ሌት ተቀን ሠራተኛ ባለበት ማረፊያ፣ ድጋፍ ባለበት የጋራ መኖሪያ፣ እና ሠራተኛ አልፎ አልፎ እየመጣ በሚጠይቅበት የግል ቤት። በራስ የመወሰን ነጻነት ከማረፊያው ይልቅ በሁለተኛው ዓይነት መኖሪያ በዛ። የኑሮ ጥራታቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት ግን በግል ቤታቸው ያሉት ነበሩ። ይህን ሳነብ ባልዲውንና ሕፃኑን አስታወስኩ። ሠራተኛዋ ሄዳ በሩ ሲዘጋ፣ ማታ የሸሚዙን ቁልፍ የሚሰፋለት የሌለው ሰው ነጻነቱን ይዞ ብቻውን ያመሻል። ቁልፉ መብቱ ነው፤ ማንም ሊነፍገው አይገባም። ማዕዱን ግን ማንም በአዋጅ ሊሰጠው አልቻለም።

ቤልጂየም ራሷ በ1990 በንጉሣዊ ድንጋጌ «የተጠለለ መኖሪያ» ያለችውን ሥርዓት ዘረጋች፤ ጥቂት ሰዎች አንድ ቤት ይጋራሉ፣ ባለሙያ ይጎበኛቸዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 500 የነበረው የኼል ደባል ቁጥር በ2016 ግድም ወደ 250 ወረደ፣ ከዚያም ቀነሰ። ለአስተናጋጆች የሚከፈለው አበል አሁንም ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። ዩኔስኮ በ2023 የኼልን የቤተሰብ እንክብካቤ በመልካም የጥበቃ ተሞክሮነት መዘገበው።

ዛሬም አዲስ ደባል መጀመሪያ በሆስፒታሉ ይታያል፤ ከዚያ የሚስማማው ቤት ይፈለግለታል። ብዙዎቹ የሚቆዩት በአሥርተ ዓመታት ነው። እመቤቲቱ ስታረጅ ወይም ስትሞት ደባሉ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ በአንዳንድ ቤት ሳይነሳ ያልፋል። አራስ ሳለ ደባሉ አቅፎ ያባበለው ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ቤቱን ከእናቱ ሲረከብ ደባሉንም አብሮ ይረከባል።